ሪፖርቱ «ከመደበኛ በላይ» ይላል፤ መደበኛው ግን የማን አንጀት ነው?

ሰማያዊ_ማሰሮ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኝ ነው የመጣሁት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ሴት ነኝ፣ 34 ዓመቴ ነው። ከሁለት ወር በፊት የአንጀት ባክቴሪያ ምርመራ አደረግኩ። አሞኝ አይደለም። ስለ ማይክሮባዮም (በሰውነታችን ስለሚኖሩ ጥቃቅን ሕዋሳት) ሳነብ ከርሜ የራሴን ለማየት ጓጓሁ፣ በቃ። የሰገራ ናሙና በትንሽ ቱቦ ላክሁላቸው፣ ውጤቱ ባለፈው ሳምንት መጣ። 12 ገጽ ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ መስመሮች ተደርድረዋል። ከሁሉም ረዝሞ ከገደቡ ያለፈው ቀዩ ነው። አጠገቡ «ፕሬቮቴላ ኮፕሪ፦ ከመደበኛ በላይ» ይላል። ቀጥሎ «ባክቴሮይድስ፦ ከመደበኛ በታች»። ከዚያ ስር በደቃቅ ፊደል፣ ይህ ባክቴሪያ ከመገጣጠሚያ ብግነት ጋር ግንኙነት እንዳለው የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። መጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ ድርጅቱ ራሱ የሚሸጠው ፕሮባዮቲክ፣ ማለትም ሕያው ባክቴሪያ ያለበት ማሟያ፣ ተመክሮልኛል።

ያን ቀን ማታ ጣቶቼን አንድ በአንድ እያጠፍኩ እየዘረጋሁ ያመኛል አያመኝም ስል አደርኩ። እውነቱን ልናገር፣ አላመመኝም። ግን ፍርሃቱ ገባ።

ከዚያ ሳነብ ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠመኝ። በአንዳንድ የዓለም ክፍል ይሄ ፕሬቮቴላ የሚባለው ጤነኛው ሰው ሁሉ ሆድ ውስጥ ሞልቷል ይላሉ። ታዲያ እኔን ያነጻጸሩኝ ከማን ጋር ነው? ባክቴሪያ ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል ማለት ነው? ቢለያይስ በምንበላው ነው ወይስ ከወላጅ የሚወረስ ነገር ነው? ፕሮባዮቲኩንስ ልግዛ? የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

---

ማይክሮስኮፕ

እህቴ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ። ሁለተኛ፣ «ፕሬቮቴላን ለመቀነስ» ብለሽ ምንም ዓይነት አንቲባዮቲክ እንዳትወስጂ። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን።

ሥራዬ ይኸው ነው። ከሰገራ ናሙና የወጣ ዲኤንኤ ኮምፒውተር ላይ እያነበብኩ የየትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ እለያለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብመልስልሽ አትቆጪኝ።

«መደበኛ» ከሚለው ቃል ልጀምር። 2022 ላይ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በይፋ የተለቀቁ የሰው ማይክሮባዮም ናሙናዎች ከየት እንደመጡ የቆጠረ ጥናት ወጥቷል። አገራቸው ከሚታወቅ ናሙናዎች ውስጥ ከ71 በመቶ በላዩ ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካና ከካናዳ ነው። አሜሪካ ብቻዋን ወደ 47 በመቶ ትይዛለች፣ ከዓለም ሕዝብ ግን ድርሻዋ 4 በመቶ ገደማ ነው። እንግዲህ አስቢው። በዚህ መረጃ ላይ ተመሥርቶ ገደብ ሲሰመር፣ «መደበኛ» ማለት «መረጃው ውስጥ በብዛት የተገኘ» ማለት ይሆናል። «ጤነኛ» ማለት አይደለም። ሁለቱን አንድ ማድረግ ትልቅ ስህተት ነው፣ በየሪፖርቱ ሳየው ያናድደኛል፣ ምክንያቱም አንቺን የመሰለ ጤነኛ ሰው በከንቱ እንቅልፍ ያጣል።

አሁን ወደ ባክቴሪያው። ሪፖርትሽ የነገረሽ የዝርያ ስም ብቻ ነው። በአንድ ዝርያ ውስጥ ግን ብዙ የተለያዩ ሐረጎች አሉ፣ በሙያው «ስትሬን» ይባላሉ። ልዩነታቸው ቀላል እንዳይመስልሽ። ኢ. ኮላይ የሚባለውን የአንጀት ባክቴሪያ ውሰጂ። ኬ-12 የሚባለው ስትሬን በየላብራቶሪው ለመቶ ዓመት ገደማ ሲረባ የኖረ፣ ማንንም የማይጎዳ ነው። ኦ157፡ኤች7 ደግሞ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል፣ ኩላሊት እስከማቆም ይደርሳል። ሁለቱም በስም ኢ. ኮላይ ናቸው። 2002 ላይ ሦስት የኢ. ኮላይ ስትሬኖች ጎን ለጎን ተነጻጽረው ነበር። ሦስቱ አንድ ላይ ካሏቸው ፕሮቲኖች ሁሉም የሚጋሩት 39 በመቶውን ብቻ ሆኖ ተገኘ። «ኢ. ኮላይ ተገኘብህ» የሚል ወረቀት ምን ያህል ትንሽ እንደሚናገር እዚህ ላይ ይታያል።

ያንቺው ፕሬቮቴላ ኮፕሪም እንደዚያው ነው። እንዲያውም ይብሳል። 2019 ላይ ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡ ከ6,500 በላይ ናሙናዎች ሲመረመሩ፣ አንድ ዝርያ ይመስል የነበረው አራት ትልልቅ ቅርንጫፎች ሆኖ ወጣ። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ብለው ሰየሟቸው። በመካከላቸው ያለው የዘረመል ርቀት ከ10 በመቶ በላይ ነው። ባክቴሪያን በዝርያ ለመክፈል በተለምዶ 5 በመቶ ስለሚበቃ፣ አራቱ የራሳቸው ዝርያ ቢባሉ ማንም አይከራከርም። በ2023 እንዲያውም ወደ 13 ዝርያ ከፍለውታል። የቤተሰብ ስሙም ተቀይሮ አሁን ሴጋቴላ ይባላል፣ በሌላ ሪፖርት ሴጋቴላ ኮፕሪ የሚል ብታዪ ያው እሱ ነው።

ዋናው ቁም ነገር ይሄ ነው። በበለጸጉትና በከተሜዎቹ አገሮች ይህ ባክቴሪያ የሚገኘው ከ10 ሰው 3 ገደማ ላይ ነው። የከተማ አኗኗር ባልገባባቸው ማኅበረሰቦች ግን የሌለበት ሰው ብርቅ ነው። አንድ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ አይደለም የሚይዘው፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዱ አራቱንም። ሜክሲኮ ውስጥ ከ1,000 ዓመት በላይ ደርቆ የቆየ የሰው ሰገራ ተመርምሮ አራቱም ተገኝተውበታል። ስለዚህ እንግዳው ብዙ ፕሬቮቴላ ያለው ሰው አይደለም። ታሪኩን ወደ ኋላ ብናይ፣ አዲስ ነገር የሆነው የሌለው ሰው ነው።

የመገጣጠሚያውን ነገር ልጨርስ። ያ ዓረፍተ ነገር መነሻው 2013 ላይ ኒው ዮርክ ውስጥ የተሠራ ጥናት ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ ገና የጀመራቸውና መድኃኒት ያልጀመሩ ሰዎች ላይ ፕሬቮቴላ ኮፕሪ በ75 በመቶው ተገኘ፣ ጤነኞቹ ላይ በ21 በመቶ። ጥናቱ ጥሩ ጥናት ነው፣ አልነቅፈውም። ግን ያ 21 በመቶ የዚያ ከተማ ጤነኞች ቁጥር ነው። ሰው ሁሉ ባክቴሪያውን ይዞ በሚኖርበት ማኅበረሰብ ውስጥ «ተገኝቶብሻል፣ ትታመሚያለሽ» ማለት አያስኬድም፣ ምክንያቱም ያልታመመውም ሁሉ ይዞታል። ደግሞም አብሮ መገኘት አንድ ነገር ነው፣ በሽታ ማምጣት ሌላ። የስኳሩን ነገር ብታዪ ይገርምሻል። 2015 ላይ ስዊድን ውስጥ የገብስ ዳቦ በልተው የደም ስኳራቸው በተሻለ ሁኔታ የተቆጣጠረላቸው ሰዎች ፕሬቮቴላቸው ከፍ ብሎ ታየ። በዓመቱ ደግሞ ዴንማርክ ውስጥ የተሠራ ጥናት ያንኑ ባክቴሪያ ኢንሱሊን በደንብ ካለመሥራት ጋር አያያዘው። አንድ ስም፣ ሁለት ተቃራኒ ወሬ። የስትሬኑ ልዩነት እዚህ ላይ ትልቅ ድርሻ አለው ብዬ አምናለሁ። 2019 ላይ የበሉት ምግብ የተለያየ ሰዎች የያዟቸው የፕሬቮቴላ ኮፕሪ ስትሬኖች የተለያየ ጂን እንዳላቸው ታይቷል።

ፕሮባዮቲኩን አትግዢ። ያልታመመ ሰው የሚታከምበት ምክንያት አይታየኝም።

---

አዋላጅ_22

ሰማያዊ ማሰሮ፣ እህቴ፣ እኔ አዋላጅ ነኝ፣ 22 ዓመት ሠርቻለሁ። ማይክሮስኮፕ ያለውን ሁሉ ተከትዬ አልፈርድም፣ ያ የእሱ ሙያ ነው። «ከወላጅ ይወረሳል ወይ» ላልሽው ግን የምለው አለኝ።

አዎ ይወረሳል። በደም አይደለም፣ በመነካካት ነው። ሕፃኑ ተወልዶ ደረቷ ላይ ሲተኛ፣ ስትስመው፣ ስታጠባው፣ ዳይፐር ስትቀይርለት። 2023 ላይ ከ9,000 በላይ ናሙና ያየ ትልቅ ጥናት ነበር፣ ዝርያ ብቻ ሳይሆን ስትሬን እየለየ። በመጀመሪያው ዓመት ሕፃኑና እናቱ አብረው ካሏቸው ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ ላይ ስትሬኑ ራሱ አንድ ነው። አንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎችም 12 በመቶ ገደማ ይጋራሉ። መንትዮች ደግሞ ተለያይተው መኖር ከጀመሩ ዓመት በጨመረ ቁጥር የሚጋሩት እየቀነሰ ይሄዳል። ይሄን ያነበብኩ ቀን የማዋለጃ ክፍላችን ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ፣ እናቲቱ ላቧ ሳይደርቅ ልጇን ስትቀበል።

አንድ ልጨምር፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። በእናት ጡት ወተት ውስጥ ሕፃኑ ራሱ መፍጨት የማይችለው ስኳር አለ፣ በብዛት ከላክቶስና ከቅባት ቀጥሎ ሦስተኛ ነው። ለማን ነው ታዲያ? ለባክቴሪያ ነው። ቢፊዶባክቴሪየም ሎንገም የሚባለው ዝርያ ኢንፋንቲስ የሚባል ንዑስ ዝርያ አለው፣ እሱ ያንን ስኳር ሙሉ በሙሉ የሚበላባቸውን ጂኖች አንድ ላይ ሰብስቦ ይዟል። የዚያው ዝርያ ሌላኛው ሐረግ በአዋቂ ሆድ ውስጥ የእጽዋት ስኳር ነው የሚበላው። ስማቸው አንድ ነው፣ ሥራቸው ግን የተለያየ። በታንዛኒያ የሃድዛ አዳኝና ለቃሚዎች ሕፃናት ላይ ኢንፋንቲስ በብዛት አለ። በበለጸጉት አገሮች ሕፃናት ላይ ግን እየጠፋ ነው። ጡት እየጠቡ እንኳ የሌላቸው ብዙ ናቸው። እናቲቱ ራሷ ከሌላት ከየት ታመጣለች? ይሄ ነገር በጣም ያሳዝነኛል፣ ወተቱ ለእንግዳው ተዘጋጅቶ እንግዳው ሳይመጣ ሲቀር ማለት ነው።

---

ልዩነቱን_አሳዩኝ

ሁላችሁንም አክብሬ ልከራከር። ባክቴሪያ ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል የሚለው አነጋገር ያሳስበኛል። ሰው ሲሰማው «ዘሬ፣ ደሜ» ብሎ ነው የሚወስደው። ከምግብና ከአኗኗር በላይ ሌላ ምክንያት መፈለግ ለምን አስፈለገ?

2018 ላይ እስራኤል ውስጥ 1,046 ጤነኛ ሰዎች ተጠንተዋል። አያቶቻቸው ከተለያየ የዓለም ክፍል የመጡ፣ አሁን ግን ተመሳሳይ አካባቢ የሚኖሩ። የዘር ምንጫቸው ባክቴሪያቸውን ለመለየት አልረዳም። የውርስ ድርሻው ከ2 እስከ 8 በመቶ ገደማ ነው የተባለው። የማይዛመዱ ግን አንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ግን ይመሳሰላሉ። ቡርኪና ፋሶ ገጠር ያሉ ልጆችና ፍሎረንስ ያሉ ልጆች 2010 ላይ ሲነጻጸሩም ልዩነቱ ከሚበሉት አሰር ጋር የሚሄድ ነበር። ጃፓኖችን ደግሞ ተመልከቱ። የባሕር አልጌ የሚበላ የባሕር ባክቴሪያ ጂኑን ለአንጀት ባክቴሪያ አሳልፎ ሰጥቶ፣ ባክቴሮይድስ ፕሌቢየስ የሚባለው በጃፓኖች ሆድ ውስጥ የአልጌ ስኳር መፍጨት ቻለ። የሰሜን አሜሪካ ሰዎች ናሙና ላይ ያ ጂን አልተገኘም። ይሄ የደም ጉዳይ ነው? አይደለም፣ የገበታ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ማይክሮስኮፕ፣ ወንድሜ፣ «ሕዝብ» ስትል ምን ማለትህ እንደሆነ ግልጽ አድርግልን።

---

ማይክሮስኮፕ

@ልዩነቱን_አሳዩኝ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ስጋትህንም እጋራዋለሁ። ያመጣሃቸው ጥናቶች ሁሉ ትክክል ናቸው፣ አንዱንም አልክድም። ልዩነታችን ያለው ሌላ ቦታ ነው። የእስራኤሉ ጥናት የጠየቀው «የትኞቹ ዝርያዎች አሉ፣ ምን ያህል» የሚለውን ነው። ለዚያ ጥያቄ ምግብና ቤት ያሸንፋሉ፣ አልከራከርም። «ያለው ዝርያ የትኛው ሐረግ ነው፣ ከየትስ መጣ» ብለህ ስትጠይቅ ግን ሌላ ታሪክ ይወጣል።

ከጨጓራ ልጀምር፣ አንጀት ባይሆንም ታሪኩ እዚያ ነው የተጀመረው። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪን ታውቀዋለህ፣ የጨጓራ ቁስለት የሚያመጣው። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን 2005 ላይ የኖቤል ሽልማት ያገኙበት። ይሄ ባክቴሪያ በአብዛኛው በልጅነት ከቤተሰብ ነው የሚገኘው። 2003 ላይ ከመላው ዓለም የተሰበሰቡ ስትሬኖች ዲኤንኤ ሲነበብ፣ እንደ ሰዎች ጉዞ ተከፋፍሎ ተገኘ። 2007 ላይ ደግሞ ሰው ከአፍሪካ ሲወጣ ከ58,000 ዓመት ገደማ በፊት ይዞት እንደወጣ ተሰላ። ከአፍሪካ በራቅክ ቁጥር በባክቴሪያው ውስጥ ያለው የዘረመል ልዩነት ይቀንሳል፣ ልክ በራሱ በሰው ላይ እንደሚታየው። የአውስትራሊያ ቀደምት ነዋሪዎችና የኒው ጊኒ ሰዎች የራሳቸው ሐረግ አላቸው።

የአልፕስ ተራራ በረዶ ውስጥ 1991 ላይ የተገኘውን ሰውዬ ሰምታችሁ ይሆናል፣ ኦትዚ ይሉታል፣ ከ5,300 ዓመት በፊት የሞተ ነው። ጨጓራው ውስጥ ያው ባክቴሪያ ተገኘ። ሁሉም የጠበቀው አሁን አውሮፓውያን የሚይዙትን ዓይነት ነበር። አልሆነም። ዛሬ በመካከለኛውና በደቡብ እስያ ከሚገኘው ጋር ነው የሚቀርበው። የአሁኑ የአውሮፓ ስትሬን ከአፍሪካ ከመጣ ሐረግ ጋር የተዳቀለ ነው፣ ኦትዚ ሲሞት ያ መዳቀል እዚያ ገና አልደረሰም ነበር ማለት ነው። አንድ የሞተ ሰው ጨጓራ ውስጥ የሕዝቦች ጉዞ ሲነበብ ማየት እኔን እስከዛሬ ያስደንቀኛል። አንጀቱ ውስጥ ደግሞ ፕሬቮቴላ ኮፕሪ ነበር፣ ከአራቱ ቅርንጫፎች ሦስቱ።

ወደ አንጀት እንምጣ። 2022 ላይ ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከአውሮፓ የተውጣጡ 1,225 ሰዎች ተጠኑ። የሰዎቹ ዲኤንኤ የዘር ግንድ ተሳለ፣ ከዚያ ሆዳቸው ውስጥ ያሉ 59 የጥቃቅን ሕዋሳት ዝርያዎች እያንዳንዳቸው የዘር ግንዳቸው ተሳለ፣ ሁለቱ ተነባበሩ። ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝርያዎች ግንድ ከሰዎቹ ግንድ ጋር ገጠመ። አብረው ተጉዘዋል፣ አብረው ተለያይተዋል። ከሁሉ በላይ የገጠሙት ደግሞ ጂኖማቸው (ጠቅላላ ዲኤንኤያቸው) ያነሰ፣ ኦክስጅንና የሙቀት ለውጥ የማይችሉ ናቸው። ትርጉም አለው። ከሰውነት ውጪ መቆየት ያልቻለ ባክቴሪያ ከአንዱ ሆድ ወደ ሌላው የሚሻገረው በቅርብ ንክኪ ብቻ ነው፣ ያም በአብዛኛው ቤተሰብ ነው። አዋላጇ ያሉት ከዚህ ጋር ነው የሚገናኘው። እናት ለልጅ፣ ልጅ ለልጇ፣ ይሄ ለሺህ ትውልድ ሲደጋገም የሕዝብ መልክ ይይዛል።

እና ግልጽ ላድርግ፦ ይሄ ደም አይደለም። ማንም ሕፃን የትኛውንም ስትሬን መያዝ ይችላል፣ ከማን ጋር እንዳደገ ነው የሚወስነው። ከደም ይልቅ ከቋንቋ ጋር ባመሳስለው ይቀለኛል። ቋንቋ ከወላጅ ይተላለፋል፣ የሕዝቦችን ታሪክ ይዞ ይሄዳል፣ ግን በደም ውስጥ የለም።

ሁሉም ዝርያ እንዲህ እንዳልሆነም ልብ በሉ። ስፖር የሚባል ጠንካራ መከላከያ ሠርተው ውጪ መቆየት የሚችሉት እንደልባቸው ይዞራሉ፣ ታሪካቸው የተደበላለቀ ነው። ዩባክቴሪየም ሬክታሌ የሚባለው ደግሞ በአህጉር የተለያዩ አራት ንዑስ ዝርያዎች አሉት። የአውሮፓው መዋኛ ጅራቱን የሚሠሩለትን ጂኖች ጥሏል፣ ሌሎቹ አሁንም ይዋኛሉ። አንድ ዝርያ ነው ሲባል እየሰማህ አንዱ የሚዋኝ፣ አንዱ ባለበት የሚቆይ።

---

መንገደኛ_7

አጭር ነገር። አገር ቀይሬ የምኖር ሰው ስለሆንኩ አንድ ጥናት ከልቤ አልወጣም። 2018 የወጣ ነው፣ ከታይላንድ ወደ አሜሪካ ሚኒሶታ የሄዱ የሞንግና የካረን ብሔረሰብ ሴቶችን ከ500 በላይ ሰው ወስዶ ያየ። በገቡ በወራት ውስጥ ፕሬቮቴላቸው በባክቴሮይድስ መተካት ይጀምራል። ዓመት በቆዩ ቁጥር ሆዳቸው ውስጥ ያሉት የባክቴሪያ ዝርያዎች ቁጥር ይቀንሳል፣ እዚያ የተወለዱት ልጆቻቸው ላይ ደግሞ ይብሳል። አመጋገባቸው መለወጡ ብቻውን አይበቃም፣ ለውጡን ሙሉ በሙሉ አያስረዳም ነው የተባለው።

እኔም ስሄድ ልብሴንና ወረቀቶቼን ቆጥሬ ነው የሄድኩት። ሆዴ ውስጥ ከእናቴ የተረከብኩት ነገር እንዳለ፣ እሱም መንገድ ላይ ሊቀር እንደሚችል አስቤው አላውቅም ነበር። ጥያቄዬ ለማይክሮስኮፕ ነው። የጠፋው ይመለሳል?

---

ሰማያዊ_ማሰሮ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ከልቤ። ሦስቴ ነው ያነበብኩት። የመንገደኛ ጥያቄ የእኔም ነው። ፕሬቮቴላው ይቀንስ ብዬ ነበር የመጣሁት፣ አሁን ደግሞ እንዳይጠፋብኝ መጨነቅ ጀምሬያለሁ።

ትናንት ሐኪም ጋ ሄጄ ነበር። ጣቶቼንና የእጅ አንጓዬን ጫን ጫን አድርጋ አየች፣ ጠዋት ጠዋት ይደርቅብሻል ወይ አለችኝ፣ ያበጠ ነገር የለም አለች። ሪፖርቱን ስታይ «በዚህ ወረቀት መድኃኒት አልጽፍም» ነው ያለችኝ። ቀለል አለኝ።

አሁን ድርጅቱን ልጠይቃቸው እፈልጋለሁ። ምን ብዬ ልጠይቅ?

---

ማይክሮስኮፕ

ሐኪሟ ጥሩ አድርጋለች።

@መንገደኛ_7 እውነቱን ልንገርህ፣ አንዳንዱ ይመለሳል፣ አንዳንዱ አይመለስም። ሁለት ነገር ጎን ለጎን አስቀምጥ። ሃድዛዎቹ በዝናብና በደረቅ ወቅት የሚበሉት ይለያያል። 2017 ላይ ሆዳቸው በየወቅቱ ሲታይ አንዳንድ ባክቴሪያዎች በዝናቡ ወራት እስከመጥፋት ይመነምናሉ፣ ደረቁ ወቅት ሲመጣ ተመልሰው ይሞላሉ። ቀነሰ ማለት ሞተ ማለት አይደለም። 2016 ላይ በአይጦች የተሠራ ሙከራ ግን ከባድ ነው። የሰው ባክቴሪያ ያላቸው አይጦች አሰር የሌለው ምግብ እየበሉ ለብዙ ትውልድ ሲዋለዱ፣ በየትውልዱ የባክቴሪያ ዝርያዎቹ ቁጥር እየሳሳ ሄደ። በመጨረሻ አሰሩ ቢመለስላቸውም የጠፉት አልተመለሱም። የተመለሱት ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው መልሰው ሲሰጧቸው ነው። በአንድ ሰው ዕድሜ የቀነሰ ነገር ተስፋ አለው፣ በትውልድ ሰንሰለቱ የተበጠሰ ግን በምግብ ብቻ አይጠገንም። አይጥ ሰው እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን በስደተኞቹ ልጆች ላይ ከታየው ጋር ሲገጥም ችላ ማለት ይከብደኛል።

የሚያሳስበኝም የሚጠፋብንን እንኳ ሳናውቀው መሆኑ ነው። 2019 ላይ ከ9,428 ናሙናዎች ከ150,000 በላይ ጂኖሞች ተገጣጥመው ወደ 4,930 ዝርያ ሲመደቡ፣ 77 በመቶዎቹ ቀድሞ ጂኖማቸው ተነቦ የማያውቅ ነበሩ። 2023 ላይ የሃድዛዎቹ ናሙና በጥልቀት ሲነበብ ከተገኙት ጂኖሞች 44 በመቶው በየትኛውም የተዋሃደ የመረጃ ቋት ውስጥ አልነበረም። ትሬፖኔማ ሰክሲኒፋሲየንስ የሚባለውን ብትፈልገው ከተሜው ሆድ ውስጥ አታገኘውም ማለት ይቻላል። እነዚህን ናሙናዎች መሰብሰብ ደግሞ ፈቃድ ጠይቆ፣ ጥቅሙን ለባለቤቱ ማኅበረሰብ አካፍሎ መሆን አለበት። ሰው ሆዱን ሰጥቶ ከመጽሔት ላይ ስም እንኳ ሳያገኝ መቅረት የለበትም፣ ይሄን በጣም አጥብቄ ነው የምለው።

@ሰማያዊ_ማሰሮ ለድርጅቱ ሁለት ነገር ብቻ ጠይቂ። አንደኛ፣ ምርመራው 16ኤስ ነው ወይስ ሙሉ ዲኤንኤ የሚያነብ? 16ኤስ ማለት ባክቴሪያው ካለው ብዙ ሺህ ጂን አንዷን፣ ወደ 1,500 ፊደል የምትሆነውን፣ ብዙ ጊዜም የእሷን ቁራጭ ብቻ ማንበብ ነው። በእሱ ወገኑን ታውቂያለሽ፣ ስትሬኑን ግን አታውቂም። የመጽሐፍ ርዕስ አይቶ ምዕራፍ አምስት ላይ ምን እንዳለ እንደመናገር ነው። ሁለተኛ፣ «መደበኛ» ያላችሁት ከየት አገር በመጡ ስንት ሰዎች ላይ ተሰልቶ ነው? ይሄንን መመለስ ካልቻሉ ቀዩ መስመር ቀለም ብቻ ነው።

ጥሬ ፋይሉንም አስልኪ። ያንቺ ነው።

---

አዋላጅ_22

ልጄ፣ ለመንገደኛም ላንቺም አንድ ቃል። ያለአግባብ አንቲባዮቲክ አትዋጡ። ሐኪም ሲያዝ ግን ሳትፈሩ ጨርሱት፣ ባክቴሪያዬ ይጠፋል ብላችሁ ኢንፌክሽን ታቅፋችሁ እንዳትቀመጡ። ሁለቱንም ዓይነት ሰው በሥራዬ አይቻለሁ።

---

ልዩነቱን_አሳዩኝ

ማይክሮስኮፕ፣ የቋንቋው ምሳሌ አሳምኖኛል። ከገበታ በላይ ነገር እንዳለ ተቀብያለሁ። አንድ ነገር ግን አልለቅም፦ ሪፖርት ላይ የሕዝብ ስም እየጻፉ ገደብ ማስመር ቢጀመር ሌላ ስህተት ነው የሚሆነው። በአንድ ሕዝብ ውስጥም ከቤት ቤት ልዩነቱ ሰፊ ነው።

---

ማይክሮስኮፕ

እስማማለሁ። እኔም የማልፈርመው ነገር ነው።

---

ሰማያዊ_ማሰሮ

መልሳቸው መጣ፣ እዚህ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ምርመራው 16ኤስ ነው። መደበኛው የተሰላው «በደንበኞቻችን ላይ» ነው፣ የየት አገር ሰዎች እንደሆኑ አልመዘገብንም አሉ። ጥሬ ፋይሉን ግን ልከውልኛል፣ ማይክሮስኮፕ ፈቃደኛ ከሆንክ በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ። ሦስተኛውን ገጽ ቀድጄ አወጣሁት። እናቴም መመርመር እፈልጋለሁ ብላለች፣ ከእሷ የወሰድኩትን ለማየት፣ በዚህኛው ዓይነት ሳይሆን ሙሉ ዲኤንኤ በሚያነበው።